የሆልደን ሻጮች የእሽቅድምድም ቡድን ታሪክ፤ ለወኪል ነጋዴዎች የቀረበ ጥናት

በሶማሌ ተራ የሚነግድ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው በዕቃው ጥራት ብቻ ሳይሆን በካርቶኑ ላይ በታተመው ስምም ጭምር ነው። ገዥው የፍሬን ሸራ ሲገዛ ሸራው ከምን እንደ ተሠራ መርምሮ ሊያውቅ አይችልም፤ ስሙን አምኖ ይወስዳል። ስሙ የፋብሪካው ነው፤ ነገር ግን በገበያው ውስጥ ያን ስም ተሸክሞ የሚውለው፥ ዕቃው ሲበላሽም ወቀሳውን የሚሰማው ወኪሉ ነጋዴ ነው። ስለዚህ ጉዳይ በደረቁ ከመጻፍ ይልቅ በአንድ እውነተኛ ታሪክ ማስረዳት የተሻለ መስሎ ስለ ታየኝ፥ በአውስትራልያ አገር በመኪና ሻጮች ስም የቆመውን አንድ የእሽቅድምድም ቡድን ታሪክ ለክቡራን አንባብያን አቀርባለሁ። መሪ ጨብጦ የማያውቅ ጸሐፊ ስለ መኪና እሽቅድምድም መጻፉ ያስቅ ይሆናል፤ ሆኖም ታሪኩን ስመረምረው ከመንዳቱ ይልቅ የንግዱ ነገር በዝቶ ስላገኘሁት ደፈርሁ። የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሆልደን የተባለው ቤት ሥራውን የጀመረው በ1856 ዓ.ም. በአደሌድ ከተማ በኮርቻ ሥራ ነው። ዘመኑ ተለውጦ ፈረሱ ሲቀንስና ሞተሩ ሲበዛ ቤቱም ከቆዳ ወደ ቆርቆሮ ዞሮ የአውቶሞቢል ካሮሴሪያ መሥራት ያዘ፤ በ1931 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ጠቅልሎ ያዘው። በኖቬምበር 1948 ዓ.ም. በአገሩ የተሠራችው የመጀመሪያዪቱ የሆልደን አውቶሞቢል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤን ቺፍሊ በተገኙበት ለሕዝብ ታየች። ከዚያ ወዲህ በአውስትራልያ ቤተ ሰብ ሁሉ ወይ የሆልደን ወይ የፎርድ ወገን እስከ መባል ተደረሰ። አባት የነዳትን ልጅ ይነዳል፤ ከወገኑ የወጣ እንደ ከዳተኛ ይቈጠራል።

ይህ የሁለቱ ወገኖች ፉክክር በያመቱ የሚፈተነው ከሲድኒ በስተ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በባተርስት ከተማ፥ ማውንት ፓኖራማ በሚባለው ተራራ ላይ ነው። የመንገዱ ዙር 6.2 ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ ከታች እስከ ላይ 174 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። በሌላው ቀን ማንም ሰው የሚሄድበት የሕዝብ መንገድ ነው። ውድድሩ በ1960 ዓ.ም. በፊሊፕ ደሴት ተጀምሮ በ1963 ዓ.ም. ወደዚህ ተራራ ተዛወረ፤ ርዝመቱም 500 ማይል ነበር። ነጋዴን የሚመለከተው ግን ደንቡ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለውድድር የሚቀርበው መኪና ለሕዝብ ከሚሸጠው ዓይነት እንዲሆን ግዴታ ነበር። ስለዚህ እሑድ ተራራውን አሸንፋ የወረደችውን መኪና፥ ሰኞ ጠዋት ገዥው በሻጩ ደጃፍ ቆሞ ዋጋዋን ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በጋዜጣ ገጽ አይገኝም።

ፎርድ ይህን ተረድቶ በግልጽ ገባበት፤ በ1967 ዓ.ም. በፋልኮን መኪና አሸነፈ። ሆልደን ግን እግሩ የታሰረ ነበር። በአሜሪካ የሚገኘው የጄኔራል ሞተርስ ዋና መሥሪያ ቤት፥ ቅርንጫፎቹ በእሽቅድምድም ሥራ እንዳይገቡ ከልክሎ ነበርና። የሜልቦርን ሹማምንት ሽያጩ ሲያመልጥ እያዩ፥ የበላዮቻቸውን ትእዛዝ እንዳይጥሱ፥ ዝም ብለውም እንዳይቀመጡ ተቸገሩ። መፍትሔው ከሻጮቹ በኩል መጣ። በ1969 ዓ.ም. «የሆልደን ሻጮች ቡድን» ተብሎ አንድ የእሽቅድምድም ቡድን ቆመ። በወረቀት ላይ ባለቤቶቹ ሻጮች ናቸው፤ መኪናውና የመሐንዲሶቹ እርዳታ ግን ከፋብሪካው በጓሮ በር ይመጣ ነበር። እኔም የንግድ ደብዳቤ ስጽፍ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው እንደ መሆኔ፥ በወረቀቱና በነገሩ መካከል ያለውን ይህን ዓይነት ርቀት ሳይ ፈገግ ማለቴ አልቀረም።

ለቡድኑ አለቃ የተደረገው ሃሪ ፈርዝ የተባለ፥ «ቀበሮ» የሚል ቅጽል የወጣለት መካኒክ ነው። በ1967 ዓ.ም. ፎርድን ለድል ያበቃው እርሱ ራሱ ነበር፤ ፎርድ ግን በእርሱ ፈንታ ከአሜሪካ ሌላ ሰው አምጥቶ ሾመ። ያሰናበቱት ሠራተኛ በተቀናቃኝ ደጃፍ ሲቀጠር ምን እንደሚያስከትል ለመርካቶ ሰው መንገር አያስፈልግም። በዚያው በ1969 ዓ.ም. የፈርዝ ቡድን በሞናሮ መኪና ባተርስትን አሸነፈ፤ ነጂዎቹም ኮሊን ቦንድና ቶኒ ሮበርትስ ነበሩ። ሦስተኛ በወጣችው በሁለተኛዪቱ መኪና ውስጥ ፒተር ብሮክ የተባለ የ24 ዓመት ወጣት ነበረ፤ የቀረው ታሪክ አብዛኛው የእርሱ ነው።

ፈርዝ ቀጥሎ ያደረገው ነገር ከሁሉ ይልቅ ይማርከኛል። ፎርድ ሞተሩን እያሳደገ ሲሄድ እርሱ ትልቁን ሞናሮ ትቶ ባለ ስድስት ሲሊንደር የሆነችውን ትንሿን ቶራና ያዘ። በ1970 እና በ1971 ዓ.ም. የፎርዱ አለን ሞፋት ሁለት ጊዜ አሸነፈው። በ1972 ዓ.ም. ግን የውድድሩ ቀን ዝናብ ዘነበ፤ በረጠበው ተራራ ላይ ቀላሏ መኪና ከከባዱ ይልቅ ተመቻቸች። ብሮክ 500ውን ማይል ያለ ተለዋጭ ለብቻው ነድቶ አሸነፈ።

በተከታዩ ዓመት የደረሰው ነገር ደግሞ በያንዳንዱ ሱቅ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ አይጠላም። በ1973 ዓ.ም. ውድድሩ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ከፍ አለ። የብሮክና የዳግ ቺቫስ ቶራና ስትመራ ሳለች፥ ፈርዝ ለቤንዚን የሚደረገውን ማቆሚያ ለማዘግየት ብሎ ቺቫስን አንድ ዙር እንዲጨምር አደረገው። ቤንዚኑ መንገድ ላይ አለቀ። መኪናዪቱ ቁልቁለቱን በራሷ ክብደት ተንከባልላ እስከ መጠገኛው መግቢያ ደረሰች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ዳገት ነበር። ደንቡም መኪናው ከራሱ ሥፍራ ሳይደርስ ከነጂው በቀር ሌላ ሰው እንዳይነካው ይከለክላል። ስለዚህ መካኒኮቹ ሁሉ ቆመው እያዩ፥ ቺቫስ ብቻውን መኪናዪቱን እየገፋ ወጣ። ድሉ ለሞፋትና ለኢያን ጌገን ሆነ፤ የፈርዝ ቡድን ሁለተኛ ወጣ። የቡድኑ ጉልበትም ሆነ ፍጥነት አልጐደለም፤ የጐደለው ጥቂት ሊትር ቤንዚን ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት በአጭሩ አልፋለሁ። ብሮክ በ1974 ዓ.ም. የአገሪቱን ሻምፒዮና ለቡድኑ ካስገኘ በኋላ ለቆ ሄደ፤ በ1975 ዓ.ም. ሻምፒዮናውን ኮሊን ቦንድ ወሰደ። በ1977 ዓ.ም. መጨረሻ ፈርዝ ሥራውን ተወ፤ በእርሱ ፈንታ ጆን ሼፐርድ ገባ፤ ብሮክም ተመለሰ። በመኪናው ጎን 05 የሚል ቍጥር ተጽፎ ነበር፤ ይኸውም ለነጂ የተፈቀደውን የመጠጥ መጠን ለማስታወስ ነው። አጠገቡ ግን የሲጋራ ኩባንያ ማስታወቂያ በሰፊው ተለጥፎ ነበርና፥ አንዱ ጎን ስለ ጤና ሲመክር ሌላው ምን ይል እንደ ነበረ አንባቢ ይፍረድ። በ1978 ዓ.ም. ብሮክና ጂም ሪቻርድስ ባተርስትን አሸነፉ፤ በ1979 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛውን በስድስት ሙሉ ዙር ቀድመው፥ ያውም በመጨረሻው ዙር ላይ የፍጥነት ክብረ ወሰን ሰብረው ገቡ። በዚያው ዓመት አውስትራልያን ዙሪያዋን በሚያዞረው ታላቅ ጕዞ ሦስት የቡድኑ ኮሞዶሮች አንደኛ፥ ሁለተኛና ሦስተኛ ወጡ።

ይህ ሁሉ ድል ከተገኘ በኋላ ሆልደን በ1979 ዓ.ም. መጨረሻ እጁን ከእሽቅድምድም አወጣ። ቡድኑን ብሮክ ተረከበው፤ በገንዘብ የደገፉትም የሆልደን ሻጮች ነበሩ። የሥራው አካሄድ እንደሚከተለው ነው። ኮሞዶር ከፋብሪካው ተሠርቶ ይወጣል፤ የብሮክ ድርጅት ተቀብሎ ሞተሩን፥ ሞላውን፥ ቸርኬውንና ጌጡን ያሻሽላል፤ ከዚያም መኪናው በሆልደን ሻጮች ሱቅ፥ ከተራው መኪና በበለጠ ዋጋ ይሸጣል። ከትርፉ የእሽቅድምድሙ ወጪ ይሸፈናል። በ1980 ዓ.ም. የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ኮሞዶሮች 500 ነበሩ። ብሮክ በ1980፥ በ1982፥ በ1983 እና በ1984 ዓ.ም. በባተርስት ስላሸነፈ፥ የሻጮቹ ሱቅ ገዥ አላጣም። ፋብሪካው ያለ ወጪ ዝና አገኘ፤ ሻጩ የተሻለ ትርፍ አገኘ፤ ብሮክም የእሽቅድምድሙን ገንዘብ አገኘ። ሦስቱም በአንድ ስም ይኖሩ ነበር፤ ስሙ ግን የአንዱ ብቻ ነበር።

ወደ መለያየቱ ከመግባቴ በፊት ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ላንሣ። ጌታዬ የአንድ የውጭ አገር የሞተር ዘይት ወኪል በነበሩ ጊዜ፥ ከእኛ በጅምላ የሚወስድ አንድ ነጋዴ ባዶ ቆርቆሮዎቹን እየሰበሰበ ርካሽ ዘይት ይሞላባቸው ጀመር። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ «ዘይቱን ሞክሬዋለሁ፥ ከእናንተው አይተናነስም» ይል ነበር። ምናልባትም እውነቱን ይሆናል። ነገር ግን አንድ የጭነት መኪና ሞተር ነክሶ በቆመ ጊዜ ቆርቆሮው ተይዞ የመጣው ወደ እኛ ነው። ለፋብሪካው አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፍሁ። በስድስተኛው ላይ ወኪልነቱ ከእጃችን የወጣ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ፋብሪካው ዘይቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም፤ የጠየቀው ማን ፈቀደ ብሎ ነው።

የብሮክም ነገር እንዲሁ ሆነ። በ1986 ዓ.ም. «ኤነርጂ ፖላራይዘር» የተባለ፥ ማግኔትና ክሪስታል የታሸገበት ትንሽ ሣጥን በሚያሻሽላቸው መኪናዎች ሞተር አጠገብ ያስገጥም ጀመር። ሣጥኑ የነገሮችን ረቂቅ ቅንጣት እያስተካከለ መኪናውን የተሻለ ያደርገዋል ይል ነበር። መሐንዲሶች ለዚህ ምንም ማስረጃ አላገኙም። ብሮክ ግን ገዥን ለማታለል አስቦ ሳይሆን ከልቡ አምኖ ነበር የሚናገረው፤ ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው። ቀጥሎም «ዲሬክተር» የሚባል አዲስ ኮሞዶር ሠራ። ሆልደን ለመኪናው ዋስትና የምሰጠው እኔ ነኝና ከመሸጡ በፊት መርምሬ ልፍቀድ አለ። ብሮክ ሳይፈቀድለት በፌብሩዋሪ 1987 ዓ.ም. መኪናውን ለሕዝብ አቀረበ፤ ሆልደንም ወዲያውኑ ግንኙነቱን አቋረጠ።

በእኔ አስተያየት ሆልደን መመርመሩ መብቱ ነበር። መኪናው መንገድ ላይ ቢቆም ገዥው የሚከሰው ሣጥኑን ሳይሆን በመኪናው አፍንጫ ላይ የተለጠፈውን ስም ነው። የማዝነው ለሻጮቹ ነው። ብሮክን ሲደግፉ የኖሩት እነርሱ ነበሩ፤ በአንድ ቀን ከሁለት ወዳጆቻቸው አንዱን እንዲመርጡ ተገደዱ። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር የታወጀው የንግድ ሕግ ስለ ንግድ ወኪል ለብቻው ደንግጎ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ተተክቶአል። ሆኖም ከፋብሪካው ገዝቶ በራሱ ስም የሚሸጥ ነጋዴ፥ በተለምዶ «ወኪል» ቢባልም፥ በሌላ ሰው ስም ከሚዋዋለው ወኪል የተለየ ነውና፥ ውሉን ሲፈርም ማን ምን መለወጥ እንደሚችል በጽሑፍ ማስፈሩን አይዘንጋ።

ብሮክ ከፋብሪካው ተለይቶ፥ በነዳጅ ኩባንያው በሞቢል እርዳታ፥ በዚያው በ1987 ዓ.ም. በኮሞዶር ወደ ባተርስት ሄደ። ቀድመው የገቡት ከአውሮፓ የመጡ ሁለት የፎርድ ሲየራ መኪናዎች ነበሩ። በኋላ ግን የፊት ፓራፋንጎአቸው ከደንብ ውጭ ተሠርቶ ስለ ተገኘ ውጤታቸው ተሰረዘ፤ ድሉም ለብሮክና ለጓደኞቹ ሆነ። ዘጠነኛውና የመጨረሻው የባተርስት ድሉ ይህ ነው። ሆልደን በዚያን ዓመት ከእንግሊዙ ቡድን ባለቤት ከቶም ዎኪንሾ ጋር ሌላ ድርጅት አቆመ። ብሮክ በ1988 ዓ.ም. በቢ ኤም ደብልዩ፥ ቀጥሎም በፎርድ ተወዳደረ፤ በኋላ ከሆልደን ጋር ታርቆ ተመለሰ። በሴፕቴምበር 2006 ዓ.ም. በምዕራብ አውስትራልያ በራሊ ውድድር ላይ ሳለ በደረሰበት አደጋ ሞተ።

ሆልደን በኦክቶበር 2017 ዓ.ም. በአውስትራልያ መኪና መሥራት አቆመ፤ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ ስሙን ጨርሶ ከገበያ እንደሚያወጣ አስታወቀ። ሻጮቹ የቀረበላቸው ካሣ አይበቃም ብለው ተሟገቱ። ብሮክ በ1982 ዓ.ም. ያሸነፈባት ኮሞዶር፥ በ1983 ዓ.ም. የራሱ መኪና ሞተር ሲሰበር ከጓደኞቹ ተቀብሎ ዳግመኛ ያሸነፈባት ያችው አሮጌ መኪና፥ በ2018 ዓ.ም. በሐራጅ ከ2 ሚሊዮን የአውስትራልያ ዶላር በላይ ተሸጣለች።