ሊያስተምሩ መጥተው የተማሩ አባት
(ለሐምሌ 23 በዓል የተዘጋጀ ትምህርት)



ሐምሌ 23 ቀን (ጁላይ 30) የቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ በዓል ነው፤ ምእመናን በፍቅር አቡነ ያዕቆብ ይሏቸዋል። በዓሉ በደረሰ ቁጥር እንዘምራለን፥ ዳቦ እንቆርሳለን። ነገር ግን «እኚህ አባት ምን ሠሩ?» ብለው ቢጠይቁን ስንቶቻችን እንመልሳለን? ስለዚህ ታሪካቸውን በአጭሩ እንመልከት። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቡነ ያዕቆብ በ1800 ዓ.ም. በደቡብ ኢጣልያ ሳን ፌሌ በምትባል ስፍራ ተወለዱ። የቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ማኅበር ወይም ላዛሪስት ወደሚባለው ገብተው ካህን ሆኑ፤ በኔፕልስ ከተማም ኮሌራ በገባ ጊዜ በሽተኞችን አገለገሉ። በ1839 ዓ.ም. አድዋ ደረሱ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ 40 ተጠግቶ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። አድዋ እንደ ደረሱ ለመስበክ አልቸኮሉም። አስቀድመው ተማሪ ሆኑ እንጂ። ትግርኛ፥ አማርኛና ግዕዝ አጠኑ፤ የአገሩን ምግብ በሉ፥ እንደ አገሩ መነኩሴ ለበሱ። ያፈሯቸው ካህናትም በገዛ አገራቸው የግዕዝ ሥርዓት እንዲቀድሱ አደረጉ።

ከአስተማሯቸው አንዱ ብፁዕ ገብረ ሚካኤል ናቸው። እኚህ የጎጃም መነኩሴ በዕድሜም ይበልጧቸው ነበር፥ በአገሩም ሊቃውንት ዘንድ የታወቁ ነበሩ። በ1841 ዓ.ም. ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብጽ ከሄዱት መልእክተኞች ጋር ሁለቱ አብረው ተጓዙ። በ1844 ዓ.ም. ገብረ ሚካኤል ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 ዓ.ም. ከአቡነ ያዕቆብ እጅ ክህነት ተቀበሉ። እንግዲህ ማን መምህር፥ ማን ደቀ መዝሙር ነበር ማለት ይቻላል? ሁለቱም ሁለቱንም ነበሩ።

የሁለቱም ፍጻሜ በመከራ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን በሰንሰለት ታስረው ሲንገላቱ ቆይተው በኦገስት 1855 ዓ.ም. አረፉ። አቡነ ያዕቆብም ታስረው፥ ተሰደው፥ በጁላይ 31 ቀን 1860 ዓ.ም. በጉዞ ላይ ሳሉ በመንገድ አረፉ፤ መቃብራቸው በኤርትራ ሄቦ ነው። ያረፉበት ቀን የቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በዓል በመሆኑ ማኅበራቸው በዋዜማው ያስባቸዋል። ቅድስናቸው የታወጀው በ1975 ዓ.ም. ነው።

ሰው በመንገድ ላይ ሲሞት ሥራው የቀረ ይመስላል። ቤተ ክርስቲያን ግን ቅዱሳንን አብዛኛውን ጊዜ የምታስበው በተወለዱበት ሳይሆን ባረፉበት ቀን ነው፤ ያ ቀን የሰማይ ልደታቸው ነውና። በዮሐንስ ወንጌል 12፥24 ያለውን የስንዴ ቅንጣት ምሳሌ አንብቡ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በትምህርት ቤት አንዳንድ ጓደኞቻችን «የእናንተ ሃይማኖት የፈረንጅ ነው» ሲሉን እንናደዳለን። ንዴት ግን መልስ አይሆንም። ከባሕር ማዶ የመጡ አባት በ40 ዓመታቸው ግዕዝ ለመማር ካላፈሩ፥ እዚሁ ተወልደን በቅዳሴ ላይ የምንመልሰውን ቃል ትርጉም የማናውቅ እኛ ምን እንላለን? እውነቱን እንናገር፤ ከእኛ ብዙዎቻችን ዜማውን እንጂ ምሥጢሩን አናውቅም። ለራሳችን እንግዶች የሆንን እኛው ነን።

ስለዚህ ዘንድሮ በዓሉን በዳቦ ብቻ አናሳልፈው። እያንዳንዳችን ከቅዳሴው አንድ ተሰጥዎ መርጠን ከነትርጉሙ እንማር፤ የተማርነውንም ለታናናሾቻችን እናስተምር።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. አቡነ ያዕቆብ ከመስበካቸው በፊት መማራቸው ለምን አስፈለገ?
2. ከእኛ በዕድሜ ወይም በእውቀት ከሚበልጠን ሰው ጋር እንዴት እንወያያለን?
3. በሚቀጥለው እሑድ የትኛውን ተሰጥዎ ተምረን እንመጣለን?

የቅዱሳን አምላክ ለመማር የሚታዘዝ ልብ ይስጠን። አሜን።