ሐኪሙ ምን ብሎ ይጻፍልኝ? ካንሰርና የጤና ጉድለት ጡረታ

ጥያቄ፦ የአርባ ምንጭ ነዋሪ ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት በጸሐፊነት 14 ዓመት ሠርቻለሁ። የጡት ካንሰር ተገኝቶብኝ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል፤ አሁን ኬሞ ልጀምር ነው። የናሙና ምርመራ ውጤቴ በእጄ አለ። ይህን ይዤ ለጡረታ ማመልከት እችላለሁ? ወይስ ሥራዬን ለቅቄ ሕክምናዬን ልከታተል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የሥራ መልቀቂያ እንዳይጽፉ አደራ እላለሁ። በራሱ ፈቃድ ሥራ የለቀቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለአበሉ የመጦሪያ ዕድሜውን፣ ማለትም 60 ዓመትን፣ መጠበቅ ይመጣበታል። ታሞ መሥራት ያቃተው ሰው ግን ሕጉ ሌላ በር ከፍቶለታል፤ እሱም የጤና ጉድለት ጡረታ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ እንደ እርስዎ ያለው የግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይስተናገዳል። 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሰው ወርሃዊ አበል ያገኛል፤ ከ10 ዓመት በታች ያገለገለ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ይወስዳል። ስሌቱ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይይዝና ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨምራል። የእርስዎ 14 ዓመት 35 በመቶ ይሆናል፤ አማካይ ደመወዝዎ 8,000 ብር ቢሆን በወር 2,800 ብር ማለት ነው። ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም በየወሩ የሚመጣ ነው፣ የራስዎም ገንዘብ ነው፤ ከደመወዝዎ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዎ 11 በመቶ ለዚህ ሲጠራቀም ኖሯል። ማንም ፊት አንገት ደፍተው የሚጠይቁት ምጽዋት አይደለም።

አሁን ወደ ያዙት ወረቀት እንምጣ። የናሙና ምርመራው ካንሰሩ የትኛው ዓይነት እንደሆነና ምን ያህል እንደሚያስቸኩል ይናገራል። ስለ ጣቶችዎ፣ ስለ ትንፋሽዎ፣ ስለ ጉልበትዎ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። ሕጉ የሚጠይቀው ደግሞ ይህንኑ ነው፤ አመልካቹ ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ ለመሥራት የማይችል መሆኑ በሕክምና ቦርድ ማስረጃ እንዲረጋገጥ ይፈልጋል። ብዙ ታካሚዎች ትልቁ ሰነድ የበሽታው ስም የተጻፈበት ይመስላቸውና እሱን ይዘው ቦርድ ፊት ይቀርባሉ። ቦርዱ ስሙን አንብቦ «ታክማ ትድናለች» ቢል አልተሳሳተም፤ በጊዜ የተደረሰበት የጡት ካንሰር ይታከማል። ስለዚህ ዛሬ፣ ኬሞ ሳይጀመር፣ ለጡረታ ማመልከት ጊዜው አይደለም። የዛሬው መብትዎ የሕመም ፈቃድ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። ይህን የቀን መቁጠሪያ ከኬሞው ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡት። ለጡት ካንሰር በስፋት ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ በየ21 ቀኑ ስምንት ዙር ነው። ፈቃዱ ከመጀመሪያው ዙር ዕለት አንሥቶ ሳይቋረጥ ከተወሰደ አምስተኛው ዙር በ85ኛው ቀን ላይ ይውላል፤ ክፍያው ከዚያ በኋላ በቀናት ውስጥ ያበቃል። ሰውነት እጅግ በሚደክምባቸው በቀሩት ሦስት ዙሮች ታካሚው ያለ ደመወዝ ይቀራል ማለት ነው። በቀዶ ሕክምናው የወጡት ቀናት ሲደመሩማ ከዚያም በፊት ነው። ነገር ግን አዋጁ ፈቃዱ «በተከታታይ ወይም በተለያየ ጊዜ» ሊወሰድ እንደሚችል ይናገራል። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ የሚከብዱትን ስምንት ቀናት ብቻ ቢወስዱ ድምሩ 64 ቀን ነው፤ ያለ ክፍያ ወደሚሆነው ክፍል ሳይገቡ ሊጨርሱ ይችላሉ። ይህ የሚሆነው ግን በመካከሉ መሥራት ከቻሉ ነው። ለሕክምና ከአርባ ምንጭ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ሐዋሳ ወይም እስከ አዲስ አበባ የሚሄድ ታካሚ የመንገዱን ቀናት መጨመር አለበት። ለእያንዳንዱ ጊዜ መንግሥት ከሚያውቀው የጤና ተቋም የሕክምና ማስረጃ ይያዙ፤ ቅጂውንም ቤት ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ቆሜ እየሄድኩ ሐኪሙ «መሥራት አትችልም» ብሎ ቢጽፍ ውሸት አይሆንም? አሜሪካ ያሉ ዘመዶቼ ደግሞ እዚያ የበሽታው ስም ብቻ ይበቃል ይላሉ። ለጡረታ ማመልከትስ ተስፋ መቁረጥ አይመስልም?

መልስ፦ ቆሞ መሄድና መሥራት መቻል ለየቅል ናቸው። ይህንን የካንሰር ሐኪሞች ራሳቸው በቁጥር ይለኩታል። አንድ የአሜሪካ የካንሰር ተመራማሪዎች ቡድን በ1982 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ከ0 እስከ 5 የሚደርስ የአቅም መለኪያ ዛሬ በመላው ዓለም ይሠራበታል። በዚህ መለኪያ 2ኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ራሱ ይታጠባል፣ ራሱ ይለብሳል፣ ነቅቶ ከሚያሳልፈው ጊዜ ከግማሽ በላዩን ቆሞ ወይም እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ሆኖም ምንም ዓይነት ሥራ መሥራት አይችልም። ከአርባ ምንጩ ሲቀላ ሰፈር ተነሥቶ በእግሩ መሥሪያ ቤት የደረሰ ሰው በሕክምናው ቋንቋ ሥራ የማይችል ሊሆን ይችላል፤ ውሸትም የለበትም። ስለዚህ ሐኪምዎን «የሕክምና ማስረጃ ይጻፉልኝ» ብቻ አይበሉ። የአቅም ደረጃዬን በቁጥር ይግለጹልኝ፣ ያቃተኝን ነገር በስሙ ይጥቀሱልኝ፣ ይሻሻላል ብለው የሚጠብቁ ከሆነና ካልሆነ ያስፍሩልኝ ይበሉ። አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች የጣትን ነርቭ ይጎዳሉ፤ ጸሐፊዋ የምትነካውን ፊደል ጣቷ አያውቀውም፣ የሸሚዟን ቁልፍ ለመቆለፍ መስታወት ያስፈልጋታል። የብብት ዕጢዎች በቀዶ ሕክምና ሲወጡ ክንድ አብጦ ሊቀርና አንድ ጀሪካን ውኃ እንኳ ማንሣት ሊከለክል ይችላል። «የጡት ካንሰር ታካሚ ናት» የሚል አንድ መስመር ይህን አይናገርም፤ ቦርዱም ያላነበበውን ሊገምት አይገደድም።

ስለ አሜሪካው የዘመዶችዎ ወሬ ከፊሉ እውነት ነው። የአገሪቱ የማህበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዳንድ ከባድ ካንሰሮችን በስማቸው ለይቶ ውሳኔያቸውን ያፋጥናል። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ግን እዚያም የሚመዘኑት በሥራ አቅም ነው። ወደፊት እንደገና የተሠራጨና ሊድን የማይችል ካንሰር በእኛም አገር በፈጣን መስመር ቢታይ እደግፋለሁ፤ ለእንዲህ ያለ ታካሚ ሦስት ወር ወረፋ መጠበቅ የቀረውን ዕድሜ መውሰድ ነው። አሁን ባለው ሕግም ቢሆን በሽታው መሠራጨቱ የተረጋገጠ ታካሚ ሕክምናው እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም፤ ማስረጃውን ይዞ ወዲያው መሥሪያ ቤቱ ወደ ሕክምና ቦርድ የሚልክበትን ደብዳቤ ይጠይቅ። እንደ እርስዎ ሊድን የሚችል ካንሰር ያለበት ሰው ሕክምናውን ጨርሶ፣ ጉዳቱ ከጸና፣ በመካከል የተሰበሰቡትን ማስረጃዎች አያይዞ ይቅረብ። ማመልከት ተስፋ መቁረጥ አይደለም፤ ተስፋ የሚያስቆርጠው ቤት ኪራይ ሲጠፋ ስድስተኛውን ዙር መተው ነው። በመካከሉም ሌላ ደረጃ አለ፤ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። ክንድዎ ካበጠ ፋይል ከማመላለስ ወደ ስልክ መቀበል መዛወርን በጽሑፍ ይጠይቁ። ውሳኔው ካላረካዎት ደግሞ የማህበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዶርዜ ውስጥ ሸማኔ ነው። ካንሰር ይዞታል፤ ጡረታ የሚባል ነገር ግን የለውም። ለእሱስ ምን አለው?

መልስ፦ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ በጋሞ ዞን ያለው አብዛኛው ሕዝብ በሽመና፣ በሙዝ እርሻ፣ በእንሰትና በዓሣ ማስገር የሚያድር እንጂ የጡረታ መለያ ቁጥር ያለው አይደለምና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል፤ ወርሃዊ ገንዘብ የሚያስቆርጥ አጠቃላይ የአካል ጉዳት አበል ግን የለንም። ለዚህ የሚቀርበው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ቤተሰቡ በፕሮግራሙ ወረዳ ውስጥ ከሆነና በዕድሜ፣ በአካል ጉዳት ወይም በማይድን ሕመም ምክንያት መሥራት የሚችል ሰው ከሌለው ቋሚ የቀጥታ ድጋፍ ይገባዋል፤ ቦይ ቆፍሮ፣ እርከን ሠርቶ እንዲያገኝ አይገደድም። ቀድሞ በሕዝብ ሥራ ተመዝግቦ የነበረ ሰውም ሲታመም ወደ ቀጥታ ድጋፍ እንዲዛወር ማመልከት ይችላል። እዚህም ሚዛኑ ያው ነው። ቀበሌው ላይ «ካንሰር ይዞታል» ማለት ሐዘን ያስነሣ እንደሆነ እንጂ ውሳኔ አያስገኝም። «መወርወሪያውን መያዝ አልቻለም፣ ሸማ ከሠራ አራት ወር ሆነው፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚሠራ አዋቂ የለም» የሚለው ያስገኛል። ካልተቀበሉት የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ።

የሕክምናውን ወጪ በተመለከተ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ካልሆነ በሚቀጥለው የምዝገባ ወቅት ይግባ፤ ክፍያው ከአቅሙ በላይ ከሆነ የመክፈል አቅም እንደሌለው ተቆጥሮ እንዲመዘገብ በቀበሌው በኩል ይጠይቅ። አባል ከሆነ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈር እየያዘ ይሂድ፤ መንገዱን ዘልሎ ራሱ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ከሄደ ወጪው በእሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አዲስ አበባ ከተላከና ማደሪያ ካጣ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ታካሚዎችን ያሳርፋል። እድርተኞቹንም ያነጋግሩ። እድር ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ለቀብር ነው፤ ከዚያው ሣጥን ለአውቶቡስ መሳፈሪያ የሚሆን ብር ዛሬ እንዲወጣለት ከመጠየቅ የሚከለክል ነገር የለም። ወንድምዎ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ደግሞ አብረውት ይሂዱና ሐኪሙ በሪፈሩ ወረቀት ላይ ከበሽታው ስም ሥር ሁለት መስመር እንዲጨምር ይለምኑልኝ፤ በእጁ ምን መያዝ እንደማይችል፣ ምን ያህል ሰዓትስ ተቀምጦ መቆየት እንደሚችል።