ሥራውን ትቶ መንገደኛ ስለሚሆን ሰው

ሰው ሁሉ የሚኖርበት ሥራ አለው። ገበሬው በማረሻው፥ ሸማኔው በመወርወሪያው፥ መምህሩ በመጽሐፉ ይኖራል። ጧት ወደ ሥራው ይወጣል፤ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል። ነገር ግን አንዳንድ ሰው ይህን የተለመደ ኑሮ ትቶ፥ ዓለምን ለማየት ወይም የተሻለ እንጀራ ለመፈለግ፥ ብዙ ዓመት በመንገድ ይኖራል። ይህ መልካም ነውን? ወይስ ክፉ ነው? ልጆች ሆይ፥ ከመፍረዳችሁ በፊት የሚከተለውን በማስተዋል አንብቡ። በዚህ ትምህርት የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በከምባታ አገር፥ በሺንሺቾና በአካባቢዋ፥ መሬቱ ጠባብ፥ ሕዝቡ ግን ብዙ ነው። አባት እርሻውን ለልጆቹ ሲያካፍል የእያንዳንዱ ድርሻ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ከዚያ አገር ወጥቶ ወደ ሩቅ መሄድ አዲስ ነገር አይደለም። በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ በኋላ ብዙ የከምባታና የሐዲያ ሰዎች ሸንኮራ አገዳ ሊቈርጡ ወደዚያ ይወርዱ ነበር። ከ2000 ወዲህ ደግሞ ብዙ ጐልማሶች ወደ ደቡብ አፍሪቃ ሄደዋል። የሄደውም መሬት ያጣው ብቻ አይደለም፤ መምህርነቱን ወይም የመንግሥት ሥራውን ከነደመወዙ ትቶ የሄደም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ምን ይዞ ሄደ? ምንስ ትቶ ሄደ? ይህን ለመረዳት ከእርሱ አስቀድመው የሄዱትን እንመልከት።

በሰሜን አፍሪቃ፥ በሞሮኮ አገር፥ ታንጀር በምትባል ከተማ ኢብን ባቱታ የሚባል ሰው ነበረ። ከዘመዶቹ መካከል ዳኞች ነበሩ፤ እርሱም የእስልምና ሕግ ተምሮ ነበር። በአገሩ ቢቀመጥ እንደ ዘመዶቹ ዳኛ ሆኖ ተከብሮ ሊኖር ይችል ነበር። ነገር ግን በ1325፥ በ21 ዓመቱ፥ ወደ መካ ለመሄድ ብቻውን ከቤቱ ወጣ። መካ ከደረሰ በኋላም ወደ ቤቱ አልተመለሰም። በመርከብ ሄዶ ዘይላንና መቅዲሹን አየ፤ ህንድ አገር ገባ፤ ቻይናም እንደ ደረሰ ተናግሯል። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ታላቁን በረሓ አቋርጦ ማሊን ጐበኘ። ጕዞው 30 ዓመት ያህል ፈጀ።

ይህን ያህል ዘመን ማን መገበው? ትምህርቱ መገበው። በዴሊ ከተማ የህንድ ሱልጣን ዳኛ አድርጎ ሾመው፤ በማልዲቭ ደሴቶችም ዳኛ ሆነ። በመንገድ ወንበዴዎች ገፈፉት፤ ዕቃው የተጫነበትም መርከብ ጠፋበት። እውቀቱን ግን ወንበዴም ባሕርም ሊወስድበት አልቻለም። ሥራውን ትቶ የወጣ ይመስል ነበር፤ ሥራው ግን አብሮት ይጓዝ ነበር።

ሆኖም መንገዱ ዋጋ አስከፈለው። በ1348 ደማስቆ ሲደርስ አባቱ ከሞተ 15 ዓመት እንዳለፈው ሰማ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቤቱ ሊገባ ሲቃረብ፥ እናቱ ከጥቂት ወራት በፊት በወረርሽኝ እንደ ሞተች ተነገረው። ከሩቅ አገር ብዙ ነገር ይዞ መጣ፤ የሚነግራቸውን ወላጆቹን ግን አላገኛቸውም።

በኢትዮጵያም በትምህርቱ የተጓዘ ሰው ነበረ። እርሱም የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን ከአገሩ ወጥቶ ሮም ደረሰ። በዚያም በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ጋር ተገናኘ። በ1652 ጀርመን አገር፥ ወደ ጎታ ከተማ ተጠርቶ ሄደና ግዕዝና አማርኛ አስተማረው። ሉዶልፍም ከእርሱ የተማረውን ይዞ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን አላየም፤ በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ተሰብሮ በባሕር ሞተ። ሰውዬው ሰጠመ፤ ትምህርቱ ግን አልሰጠመም።

እንግዲህ ወደ ደቡብ አፍሪቃው መንገድ እንመለስ። አንዳንዱ ፈቃድ አግኝቶ በሕግ ይሄዳል። አንዳንዱ ግን ገንዘብ ተበድሮ ለደላላ ይከፍላል፤ በኬንያ፥ በታንዛንያ፥ በማላዊና በሞዛምቢክ እየተሸሸገ ያልፋል። ደመወዝ እያለው እንዲህ የሚበደረውን ሰው አገራችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ትለዋለች። በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ፥ ቴቴ በሚባለው አውራጃ፥ በጭነት መኪና ላይ በተዘጋ የብረት ሣጥን ውስጥ 78 ሰዎች ተገኙ። 64ቱ ሞተው ነበር፤ በሕይወት የተገኙት 14 ብቻ ናቸው። ኢትዮጵያውያን እንደ ነበሩም ተነገረ። ለደላላ የመንገደኛ ትምህርቱም ጠባዩም ምኑም አይደለም፤ ሰውን እንደ ጭነት ይቈጥረዋልና።

ልጆች ሆይ፥ በሺንሺቾ ጓሮ ያለውን እንሰት ተመልከቱ። ችግኙ በተወለደበት ስፍራ አይቀርም፤ ተነቅሎ በሌላ ስፍራ ይተከላል፤ ጥቂት ካደገም ደግሞ ይነቀላል። ባለቤቱ ሲነቅለው ቅጠሉን ይቈርጣል፤ አምቾውን ግን ይጠብቃል። አምቾው ደኅና ከሆነ ተክሉ በአዲሱ አፈር ይጸናል፤ አምቾው ከተጐዳ ግን መልካሙ አፈር አያድነውም።

የሰውም አምቾው ትምህርቱ፥ የእጅ ሞያውና ጠባዩ ነው። ስለዚህ ከአገር መውጣት በራሱ ነውር አይደለም፤ በአገር መቀመጥም በራሱ ሙያ አይደለም። መሄድ የሚወድ ሰው አስቀድሞ የሚጠቅም እውቀት ይያዝ፤ መንገዱን በብርሃንና በሕግ ያድርግ፤ ያለበትን ዕዳ ይክፈል፤ አባትና እናቱን አማክሮና ተሰናብቶ ይሂድ፤ በሄደበትም ሆኖ ድምፁን ያሰማቸው። መንገድ ሰውን አይመግብም፤ መንገደኛውን የሚመግበው ከቤቱ ይዞት የወጣው ነው።

ጥያቄ

1. ኢብን ባቱታ በሄደበት አገር ሁሉ እንዲኖር የረዳው ምንድን ነው? የከፈለውስ ዋጋ ምንድን ነው?
2. አባ ጎርጎርዮስ ከሞተ በኋላ የቀረው ሥራው ምንድን ነው?
3. «የሰው አምቾ» የተባለው ምንድን ነው?
4. ከአገሩ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባውን ተናገሩ።