ከድምፅ መስጫው በፊት ያለው ምርጫ፦ የፓርቲ መሪ አመራረጥ በፓርላሜንታዊ ሥርዓት

መግቢያ

በእንጦጦ ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ የሚኖር መራጭ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፁን የሚሰጠው የምርጫ ክልሉን ለሚወክል ዕጩ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 መሠረት ርዕሰ ብሔሩን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ ነው። ከፍተኛው የአስፈጻሚነት ሥልጣን ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲሆን፣ እርሱም በአንቀጽ 73 መሠረት ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል። ስለዚህ በፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት የፕሬዚዳንት ዕጩ አመራረጥ የሚያስነሣው ጥያቄ በኢትዮጵያ የሚነሣው በፓርቲ ሊቀመንበር ምርጫ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ የመሪ ምርጫ የፓርቲ የውስጥ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ እንደማይገባ ይከራከራል።

የ2010 ዓ.ም. ተሞክሮ

በግንቦት 2007 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የምክር ቤት መቀመጫዎች ያዙ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. የመልቀቂያ ጥያቄ ሲያቀርቡ፣ ተተኪውን የመወሰኑ ሥራ ከአራቱ አባል ድርጅቶች እያንዳንዳቸው 45 ሰዎች በሚወከሉበት የግንባሩ ምክር ቤት ላይ ወደቀ። መጋቢት 18 ቀን ዐቢይ አሕመድ (ዶ/ር) ከተሰጡት 169 ድምፆች 108ቱን አግኝተው ሊቀመንበር ሆኑ፤ መጋቢት 24 ቀን ፓርላማው ሹመታቸውን አጸደቀ። ተቃዋሚ መቀመጫ በሌለበት ምክር ቤት ቁርጡ የታወቀው አስቀድሞ በግንባሩ ስብሰባ ነበር።

ከዚያ በፊት የተፈጸመው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። የኦሕዴድ ሊቀመንበር የነበሩት ለማ መገርሣ የጨፌ ኦሮሚያ እንጂ የፌዴራሉ ፓርላማ አባል አልነበሩም። ድርጅቱ የካቲት 15 ቀን ሊቀመንበርነቱን ወደ ዐቢይ አዛወረ። የአንቀጽ 73 መስፈርት የዕጩዎችን ክበብ ምን ያህል እንደሚያጠብ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አማራጮችና ገደባቸው

በግንቦት 2011 ዓ.ም. የተመሠረተው ኢዜማ የፓርቲውን መሪ ከሊቀመንበሩ ለየ፤ የፖለቲካ ውክልናው ለመሪው፣ የድርጅት ሥራው ለሊቀመንበሩ ተሰጠ። በ2014 ዓ.ም. ጉባኤውም ብርሃኑ ነጋ (ፕሮፌሰር) እና አንዱዓለም አራጌ ለመሪነት ተወዳደሩ። ክፍፍሉ ፓርቲው ለመንግሥት መሪነት ማንን እንደሚያቀርብ መራጩ አስቀድሞ እንዲያውቅ ይረዳል።

ይሁንና መራጮቹን ማብዛት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በብሪታንያ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ሊዝ ትረስን እ.ኤ.አ. በ2022 የመረጡት የፓርቲው አባላት ነበሩ፤ ብዙዎቹ የፓርላማ ባልደረቦቿ ግን ሌላ ዕጩ ደግፈው ነበር፤ እርሷም ሁለት ወር ሳይሞላ ሥልጣኗን ለቀቀች። የመሪው ቅቡልነት በአባላቱም በተወካዮቹም ዘንድ ካልጸና መንግሥቱ አይጸናም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተነሡት ሁኔታዎች ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ፓርቲዎች ለጠቅላይ ሚኒስትርነት የሚያቀርቡትን ሰው ከአገር አቀፍ ምርጫ በፊት ቢያሳውቁ መራጩ የድምፁን ውጤት አውቆ ይመርጣል። ሁለተኛ፣ የአባላት ጉባኤና የፓርላማ ቡድን በመሪ ምርጫ ያላቸው ድርሻ በመተዳደሪያ ደንብ ሊለይ ይገባል። ሦስተኛ፣ በምርጫ ዘመን መካከል መሪ ሲለወጥ ዕጩዎችና የድምፅ ቆጠራው ለሕዝብ ይፋ ይሁኑ። እነዚህ ሲሟሉ የየካው መራጭ ድምፅ ከአገር መሪው ጋር ያለው ትስስር ግልጽ ይሆናል።