እጅም ይማራል
ጃፓኖች እንግሊዝኛን በጽሕፈት እንዴት እንደሚለማመዱ

ጃፓን ከአገራችን በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ማዶ እጅግ ርቃ የምትገኝ የደሴቶች አገር ናት። ገበሬዋ ሩዝ ያመርታል። ፋብሪካዋ መኪናና ራዲዮ ሠርቶ ለዓለም ይሸጣል። የሕዝቡ ቋንቋ ጃፓንኛ ነው። እንግሊዝኛን ግን ልጆቹ በትምህርት ቤት ይማራሉ። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ማንኛውም ትምህርት ነጥብ ይሰጥበታል።

ታዲያ እንግሊዝኛ ለጃፓን ሰው ቀላል አይደለም። ለምን ይከብደዋል? እንዴትስ አድርጎ ይወጣዋል? የዛሬው ንባባችን ስለዚህ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ችግሩ ምንድን ነው?

አንደኛው ችግር የቃላት አቀማመጥ ነው። ጃፓናዊ «ዋታሺ ዋ ሚዙ ኦ ኖሙ» ቢል «እኔ ውኃ እጠጣለሁ» ማለቱ ነው። ልብ በሉ! ድርጊቱን የሚናገረው ቃል ልክ እንደ አማርኛው መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። እንግሊዝኛ ግን «አይ ድሪንክ ዎተር» ይላል። ቃል በቃል ብንፈታው «እኔ እጠጣለሁ ውኃ» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ጃፓናዊው ተማሪ ቃላቱን ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ ቦታቸውንም መለወጥ አለበት።

ሁለተኛው ችግር የቁጥር ነገር ነው። በጃፓንኛ «ኡሺ» ማለት ላም ወይም በሬ ነው። አንዲት ላም ብትሆን ኡሺ ናት። አሥር ቢሆኑም ኡሺ ናቸው። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ አይተውም። አንዲት ላም «ኤ ካው»፣ ላሚቱ «ዘ ካው»፣ ላሞች «ካውዝ» ይላል። እነዚህ ትንንሽ ቃላት ለጃፓኑ ሰው በቀላሉ ይረሱታል።

ሦስተኛው ችግር ከፊደል ጋር የተያያዘ ነው። ጃፓኖች «ካና» የሚባል ፊደል አላቸው። እንደኛ ፊደል ካ፣ ኪ፣ ኩ እያለ የሚሄድ ነው። ነገር ግን ከአንድ ድምፅ በቀር እንደኛ ሳድስ የለውም። ስለዚህ ወተት በእንግሊዝኛ «ሚልክ» ሲባል በካና «ሚሩኩ» ተብሎ ይጻፋል። ደግሞም «ለ» እና «ረ» አይለዩም። በእንግሊዝኛ ሩዝ «ራይስ» ነው፤ ቅማል «ላይስ» ነው። በካና ሲጻፉ ሁለቱም አንድ ናቸው! ሩዝ በላሁ ሊል የፈለገ ሰው ቅማል በላሁ ብሎ ሊያስቅ ነው።

ጽሕፈት ምን ይጠቅማል?

በአፍ የተነገረ ነገር በነፋስ ይሄዳል። ተናጋሪው ቢሳሳትም ሰሚው በግምት ይረዳለታል። ስሕተቱ የት ላይ እንደነበር ግን ማንም አያየውም። ወረቀት እንዲህ አይደለም። «ራይስ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል ሊጽፍ የተነሣ ተማሪ ከሁለቱ ፊደላት አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው። «ዘ» የምትለውን ቃል ቢዘልላት ቦታዋ ባዶ መሆኑ ይታያል። አስተማሪው በቀይ ቀለም ያርምለታል። ተማሪው ነገም ከነገ ወዲያም ተመልሶ ያየዋል።

የቀድሞ ሰዎች ትጋት

ጃፓን ከ200 ዓመት በላይ በሯን ለአውሮፓ ሰዎች ዘግታ ኖራለች። ከአውሮፓ ሰዎች መካከል ንግድ የተፈቀደላቸው ሆላንዶች ብቻ ነበሩ። እነሱም በናጋሳኪ ወደብ በአንዲት ትንሽ ደሴት ተወስነው ነበር። ስለዚህ የውጭ ዕውቀት የፈለገ ጃፓናዊ ሆላንድኛ ይማር ነበር።

መጻሕፍቱ ጥቂት ነበሩ፤ ዋጋቸውም አይቀመስም። ካትሱ ካይሹ የሚባል ድኻ የጦር ሰው 58 ጥራዝ ያለውን የሆላንድኛ መዝገበ ቃላት መግዛት አልቻለም። ታዲያ ምን አደረገ? መጽሐፉን ተከራየ። ከዚያም ሙሉውን ሁለት ጊዜ በእጁ ገለበጠ። አንዱን ቅጂ ሸጦ ኪራዩን ከፈለ፤ ሌላውን ለራሱ አስቀረ።

ዩኪቺ ፉኩዛዋ የሚባል ወጣትም በኦሳካ ከተማ ሆላንድኛ ይማር ነበር። በትምህርት ቤቱ መዝገበ ቃላቱ ለተማሪው ሁሉ አንድ ብቻ ነው። ተማሪዎቹ የላባ ብዕር ቀርጸው የሚማሩትን ምንባብ ይገለብጣሉ። ከዚያ በየተራ መዝገበ ቃላቱን እያዩ ትርጉሙን ይፈልጋሉ። የኛ አገር ቁም ጸሐፊዎች መቃ ቀርጸው መጽሐፍ እንደሚገለብጡት ማለት ነው።

በ1859 የዮኮሃማ ወደብ ለውጭ ነጋዴዎች ተከፈተ። ፉኩዛዋ ዛሬ ቶኪዮ ከምትባለው ከኤዶ ተነሥቶ በእግሩ ወደዚያ ሄደ። ግን በየሱቁ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው። ሰዎቹ የሚናገሩትንም አልሰማውም። በብዛት የሚሠራበት ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኖ ተገኘ። አምስት ዓመት የደከመበት ሆላንድኛ ከንቱ የቀረ መሰለው። አዝኖ ተመለሰ።

ሐዘኑ ግን አላሰነፈውም። ወዲያው እንግሊዝኛ ለመማር ቆረጠ። የሚያስተምረው ሰው ፈለገ፤ የሚያውቀው አስተርጓሚ ጊዜ አጣለት። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ይዞ እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ወደ ሆላንድኛ ይመልስ ጀመር። አነጋገሩን ደግሞ በመርከብ አደጋ በውጭ አገር ቆይተው የተመለሱ ሰዎችን እየጠየቀ ተማረ። ቆይቶ አንድ ነገር ተገለጠለት። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው! የቀድሞ ድካሙ ከንቱ አልነበረም።

በ1860 ካትሱ ካይሹና ፉኩዛዋ በአንድ መርከብ ወደ አሜሪካ ተጓዙ። ፉኩዛዋ ከዚያ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገዝቶ መጣ። በዚያው ዓመት ባሳተመው የቃላት መጽሐፍ ለጃፓንኛ እንግዳ የሆነውን የ«ቨ» ድምፅ የሚጻፍበት ምልክት አወጣ። «ኡ» በሚባለው ፊደል ላይ ሁለት ትንንሽ ጭረት ጨመረበት። እኛም በ«በ» ራስ ላይ ሰረዝ ጨምረን «ቨ»ን እንጽፋለን። የፉኩዛዋ ትምህርት ቤት ኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ምስሉም ከ1984 ጀምሮ ለ40 ዓመት በ10,000 የን ኖት ላይ ሲታተም ኖረ።

የልምምዱ ደረጃ

ዛሬም ቢሆን በጽሕፈት የሚማር ጃፓናዊ እንዲህ ማድረግ ይችላል።

1. ባለ አራት መስመር ደብተር ይይዛል። ረጅሙ ፊደል ወደ ላይ፣ ጭራ ያለው ወደ ታች እንዲወርድ አድርጎ ይጽፋል።
2. ትክክለኛ ዐረፍተ ነገር ከመጽሐፍ ይገለብጣል። ሲገለብጥ ድምፁን እያሰማ ያነባል።
3. አንድ ቃል ብቻ ይለውጣል። «ውኃ እጠጣለሁ» የሚለውን «ወተት እጠጣለሁ» ያደርገዋል።
4. ማታ ማታ ቀን ከሠራው ሥራ ሦስት ዐረፍተ ነገር ከራሱ አውጥቶ ይጽፋል።
5. የሚያውቅ ሰው ያርምለታል። የታረመውን እንደገና አሳምሮ ይገለብጠዋል።

አምስተኛው ደረጃ እንዳይዘለል። እርማቱን አይቶ ደብተሩን የሚዘጋ ሰው ነገም ያንኑ ይሳሳታል። የታረመውን በእጁ የጻፈ ግን እጁ ይለምደዋል።

ይህ ዘዴ ለእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። እናንተም ፊደል የቆጠራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ማንበብ ብቻውን አይበቃም። ብዕሩን ካስቀመጣችሁት ፊደሉም ይጠፋችኋል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጣፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ?

ጥያቄዎች

1. «እኔ ውኃ እጠጣለሁ» የሚለው አቀማመጥ ከጃፓንኛ ጋር ይመሳሰላል ወይስ ከእንግሊዝኛ?
2. ካትሱ ካይሹ መዝገበ ቃላቱን ሁለት ጊዜ የገለበጠው ለምንድን ነው?
3. ፉኩዛዋ በዮኮሃማ ያዘነው ለምን ነበር? ሆላንድኛ መማሩስ ጠቀመው ወይስ አልጠቀመውም?
4. ዛሬ ከሠራችሁት ሥራ ሦስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ለጎረቤታችሁ አሳዩና አሳርሙ። ከዚያም የታረመውን እንደገና ገልብጡ።