ሳጥኑን በመጋዝ አትንካው

ቦታው ሲያትል አጠገብ ያለችው ተክዊላ ናት። አዛውንቱ ዕድሜያቸውን በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ያሳለፉ ሰው ናቸው። ወጣቱ የእህታቸው ልጅ ነው፤ ቦርዱ ተነቅሎ የተሸጠ አንድ የአርኬድ ማሽን በርካሽ አግኝቶ፣ የኒንቴንዶ ስዊች መጫወቻውን ሊያስገባበት አስቧል።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ማሽኑን ጋራዥ አስገብቼዋለሁ። ውስጡ ያለው አሮጌ ስክሪን ግን ክብደቱ አይጣል ነው። እሱን አውጥቼ ልጣለውና ፊት ለፊቱን በመጋዝ አስፍቼ ሰፊ ጠፍጣፋ ስክሪን ልግጠምበት ብዬ አሰብኩ። ምን ይሉኛል?

አዛውንቱ፦ ስዊቹን ማስገባትህ ደግ ሐሳብ ነው፤ እኔም አግዝሃለሁ። መጋዙን ግን ወደ ነበረበት መልሰው። ስክሪኑንም እኔ ሳላየው ከቦታው እንዳታነቃንቀው።

ወጣቱ፦ አንዳንድ ጓደኞቼ ደግሞ ጨርሶ አትንካው ነው የሚሉት። በድሮ ማሽን ውስጥ አዲስ ነገር መክተት ነውር ነው ይላሉ።

አዛውንቱ፦ ታሪኩን ስላልሰሙ ነው። ታሪኩ ደግሞ የተፈጸመው እዚሁ፣ እኔና አንተ በተቀመጥንባት ተክዊላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ኒንቴንዶ ሬዳር ስኮፕ የሚባል የጠፈር ውጊያ ጨዋታ አወጣ። ጃፓን ውስጥ ተወደደ። የአሜሪካው ቅርንጫፍ ኃላፊ ሚኖሩ አራካዋ ይህን አይተው 3,000 ማሽን አዘዙ። ቢሮአቸው ያኔ በምሥራቁ ጠረፍ፣ በኒውዮርክ በኩል ነበር። ዕቃው ከጃፓን ተጭኖ እዚያ እስኪደርስ ወራት ፈጀ፤ ሲደርስ ገበያው ቀዝቅዞ ጠበቀው። 1,000 ያህሉ ተሸጠ። የቀረው 2,000 ያህል ማሽን መጋዘን ውስጥ ተደርድሮ ቀረ። ቢሮውም ከዚያ ወደዚህ ወደ ተክዊላ ተዛወረ።

ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ቶሎ ብሎ ወደ ሺገሩ ሚያሞቶ ይሮጣል። እውነት ነው፣ ከዚያ በፊት ጨዋታ ነድፎ የማያውቅ ወጣት ሠዓሊ በጉንፔ ዮኮይ ተቆጣጣሪነት ዶንኪ ኮንግን ፈጠረ። ይህን የሚነሳው የለም፤ እኔም አልነሳውም። ነገር ግን ዶንኪ ኮንግ የተፈጠረው ለእነዚያ ላልተሸጡ ሳጥኖች መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። አዲስ ሳጥን ይሠራ አልተባለም። ያለው ሳጥን፣ ያለው ስክሪን፣ ያለው የኃይል ማከፋፈያ ነው የሚያገለግለው ተባለ። መለወጫው ዕቃ ከጃፓን ተላከ። አራካዋ፣ ባለቤታቸው ዮኮ እና ጥቂት ሠራተኞች እዚህ ተክዊላ ባለው መጋዘን ውስጥ ማሽኖቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ የቦርዱን ቺፖች ቀየሩ፤ የመስታወቱንና የጎኑን ሥዕል ቀየሩ። ሲያትል አካባቢ መጠጥ ቤቶች ውስጥ አስቀምጠው ሞከሩት፤ ሳንቲሙ ጎረፈ። በኋላ የተሠሩት የዶንኪ ኮንግ ማሽኖች ሰማያዊ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ግን ቀይ ነበሩ፤ ቀዩ የሬዳር ስኮፕ ቀለም ነበርና።

እንግዲህ ፍረድ። ኒንቴንዶን በአሜሪካ ያቆመው ማሽን ራሱ የተለወጠ ማሽን ነው። የአንዱን ጨዋታ ሆድ ዕቃ አውጥቶ የሌላውን ማስገባት ነውር ቢሆን ኖሮ ማሪዮ የሚባለው የዶንኪ ኮንግ ሰውዬ ዛሬ ባልኖረ ነበር። ሳጥን የተሠራው ጨዋታ እንዲያስተናግድ ነው፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይገባል። ኒንቴንዶ በ1984 ቪኤስ ሲስተምን፣ በ1986 ደግሞ ፕሌይቾይስ ቴን የሚባለውን ሲያወጣ የቤት መጫወቻውን ጨዋታዎች ነው አርኬድ ሳጥን ውስጥ የከተተው። ኤስኤንኬ የሚባለው ድርጅት በ1990 ኒዮ ጂኦን ሲያመጣ ካሴት እየነቀሉ ሌላ ካሴት መሰካት ብቻ በቂ ሆነ።

ወጣቱ፦ የእኔ ማሽን ግን ኒንቴንዶ አይደለም። ውስጡ የቀረው የሽቦ እስርና አንድ ረጅም ሶኬት ነው።

አዛውንቱ፦ እሱማ ጃማ ነው! እ.ኤ.አ. በ1985 የጃፓን አምራቾች ማኅበር ሶኬቱ ለሁሉም አንድ ይሁን ብሎ ወሰነ። ከላይ 28፣ ከታች 28፣ በድምሩ 56 መገናኛ አለው። ኃይሉ፣ ሥዕሉ፣ ድምፁ፣ ጆይስቲኩ፣ ሳንቲም መቀበያው፣ ሁሉም በእሱ ያልፋል። ስለዚህ አንድም ሽቦ አትቆርጥም። ጃማውን ወደ ዩኤስቢ የሚለውጥ ትንሽ ቦርድ ትገዛለህ፤ ስዊች የሚያውቀው ዓይነት መሆኑን አረጋግጥ። ቦርዱን በሶኬቱ ላይ ትሰካለህ፤ የዩኤስቢውን ገመድ ወደ ስዊቹ ማስቀመጫ ትወስደዋለህ።

ወጣቱ፦ ቁልፎቹ ያን ያህል ዘመን ቆይተው ከስዊች ጋር ይግባባሉ?

አዛውንቱ፦ ቁልፍ ማለት እኮ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ስትጫነው ሁለት ሽቦ ይገናኛል፤ ስትለቀው ይለያያል። ጆይስቲኩም ከሥሩ አራት ማብሪያ ማጥፊያ ነው ያለው፤ በሰያፍ ስትገፋው ሁለቱ አብረው ይበራሉ። ሳንቲም መቀበያውም እንደዚያው። ሳንቲሙ ሲወርድ አንዲት ቀጭን ሽቦ ገፍቶ ያልፋል፤ ይህንን ለስዊቹ እንደ አንድ ቁልፍ ትሰጠዋለህ። ያረጀ ቁልፍ ካለ ከሥሩ ያለችውን ማይክሮስዊች ብቻ ቀይር፤ ርካሽ ናት። ግን አንድ ነገር ዕወቅ። ጃማ ለአንድ ተጫዋች የመደበው ሦስት ቁልፍ ነው፤ በዚያ ላይ የአርኬድ ጆይስቲክ በትንሹ ገፋ፣ በብዙ ገፋ የሚባል ነገር አያውቅም። የዛሬዎቹን ግዙፍ ጨዋታዎች በስዊቹ በራሱ መያዣ ተጫወት። ይህ ሳጥን የሚፈልገው የራሱን ዘመን ጨዋታዎች ነው። እነሱም ስዊች ላይ አሉ፤ ሀምስተር የሚባል የጃፓን ድርጅት አርኬድ አርካይቭስ ብሎ ያወጣቸዋል። ዶንኪ ኮንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 መጥቷል።

ወጣቱ፦ እሺ፣ ስክሪኑስ? ጠፍጣፋው ይበልጥ ጥርት ያለ መስሎኝ...

አዛውንቱ፦ እዚህ ላይ ነው የምቆጣው፤ ስማኝ። አንድ መጠጥ ቤት ማሽን ስላለን መጥተህ እይልን አሉኝ። ሄድኩ። ማሽኑ የ80ዎቹ ነው፤ የጎኑ ሥዕል አልደበዘዘም፤ እንጨቱ እርጥበት አልነካውም። ግን ከእኔ በፊት አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ ገብቶበታል። የቁልፎቹን ሰሌዳ ቆርጦ ጥሎ ቺፑድ ለጥፎበታል። ጎኑን ጥቁር ቀለም ቀብቶታል። ፊቱን በመጋዝ ሸርፎ ሰፊ ቴሌቪዥን ወትፎበታል። ስክሪኑስ የታለ? አልኩ። ከጓሮ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ነው አሉኝ። ሄጄ አየሁት፤ አንገቱ ተሰብሯል። ይሠራ ነበር ወይ ስላቸው፣ አዎ፣ እስከ ትላንት ይሠራ ነበር አሉ። ይሠራ ነበር! ለዚያ ዓይነት ማሽን የሚሆን የስክሪን ቱቦ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች መሥራት ካቆሙ ቆዩ። የሚቀጥለው ባለቤት ማሽኑን ወደ ነበረበት ልመልሰው ቢል ከየት ያመጣል? የተቀባው ሥዕል ከየት ይመጣል? ቀለሙ ቢፋቅ ሥዕሉ አብሮ ይፋቃል። ያ ቴሌቪዥን ነገ ይበላሽና በሌላ ይተካል፤ የተሸረፈው እንጨት ግን የሚያዝንለት እንኳ የለም። በዚያ ላይ የቱቦው መስታወት እርሳስ አለበት፤ ከቆሻሻ ጋር የሚጣል ዕቃ አይደለም። እና ይህን ያደረገው ሰው ለሥራው ተከፍሎታል! እኔ በሙያው የምጠላው ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ መመለሻ የሌለው ሥራ። የተክዊላዎቹ ሰዎች 2,000 ሣጥን ሲለውጡ ማሽኑን ማሽን አድርገው ነው የለወጡት። እነሱ የሚሸጥ ዕቃ እንጂ ቅርስ ይዘናል አላሉም፤ ግን ያለውን አክብረው ተጠቀሙበት።

ወጣቱ፦ እሺ ጋሼ፣ ስክሪኑን አልጥለውም። ግን ከስዊች ጋር እንዴት ይገናኛል?

አዛውንቱ፦ ስዊቹ በማስቀመጫው በኩል በኤችዲኤምአይ እስከ 1080 መስመር ሥዕል ይልካል። የአንተ ቱቦ የሚቀበለው 240 መስመር አካባቢ ነው፤ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ፣ በ15 ኪሎኸርዝ። ስለዚህ መሐላቸው ሥዕሉን የሚያወርድ መለወጫ ይገባል። ከመለወጫው የሚወጣው ምልክት ለአርኬድ ስክሪን ደካማ ስለሆነ ማጉያ ያስፈልገዋል። የስዊቹ የማውጫ ጽሑፍ ደቃቅ ሆኖ ዓይንህን ያስቸግርሃል፤ ይህን አልደብቅህም። ጨዋታው ሲከፈት ግን የድሮዎቹ ነጥቦች በተሳሉበት መስታወት ላይ ታያቸዋለህ፤ ጠፍጣፋው ያንን አይሰጥህም። ቱቦው ጨርሶ የሞተ ከሆነ ጠፍጣፋውን አንከለክልም፤ ነገር ግን በድሮው ስክሪን ብሎኖች ላይ በሚታሰር እንጨት ይሰቀል፤ ከሳጥኑ ጠባብ ከሆነም ጠባብ ይሁን፤ ዳሩ በጥቁር ካርቶን ይሸፈናል።

ወጣቱ፦ እርስዎ እስኪመጡ ከኋላ ከፍቼ አቧራውን ልጥረግለት?

አዛውንቱ፦ የታችኛውን ክፍል ጥረግ። ቱቦው ያለበትን በፍጹም! ገመዱ ከግድግዳ ተነቅሎ እንኳ ቱቦው ውስጥ ኃይል ይቀራል፤ ሲሠራ ከ20,000 ቮልት በላይ የሚሸከም ዕቃ ነው። ያንን የማራግፈው እኔ ነኝ፤ እኔ ከሌለሁ ሙያውን የሚያውቅ ሰው። አንተ የስዊቹን ቦታ አዘጋጅ። ሙቀቱ የሚወጣው ከአናቱ ነው፤ ከላዩ ክፍት ቦታ ተውለት፤ ከኃይል ማከፋፈያውም አርቀው። ሌላ ቦታ ልትጫወትበት ስትፈልግ መዘህ የምታወጣው እንዲሆን ማስቀመጫውን በማሰሪያ እንጂ በሙጫ አታጣብቀው። የድምፁን መስመር ከመለወጫው አውጥተህ በትንሽ ማጉያ ወደ ማሽኑ ድምፅ ማጉያ እናስገባዋለን።

ወጣቱ፦ ቅዳሜ ይመችዎታል?

አዛውንቱ፦ ይመቸኛል። ካቻቢቴና ፒንሳ እኔ ይዤ እመጣለሁ። አንተ አንድ ጠንካራ ካርቶን አዘጋጅ፤ ከማሽኑ የሚወጣ እያንዳንዱ ብሎን፣ ሽቦና ሰሌዳ በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ከየት እንደወጣ ተጽፎበት እዚያ ይገባል። ማሽኑን የምትሸጥ ቀን ካርቶኑን አብረህ ትሰጣለህ።