የዘውዱ ቁጥር ለምን በ2005 ያልቃል?

ለንደን የሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም መግቢያው ነፃ ነው፤ አንድ ቀን ግን አይበቃውም። የፋርስ ምንጣፍ፣ የቻይና ሸክላ፣ የጣልያን ቅርጻ ቅርጽ ስናይ ውለን እግራችን ሲዝል፣ ብዙዎቻችን ከመቅደላው ወርቅ ዘውድ ጋር ፎቶ ተነስተን እንወጣለን። ዛሬ ሌላ ነገር እንሞክር፦ ከዕቃው በፊት የመዝገብ ቁጥሩን እናንብብ።

እዚያ ሙዚየም የብዙ ዕቃዎች ቁጥር የሚያልቀው ዕቃው የሙዚየሙ ንብረት ሆኖ በተመዘገበበት ዓመት ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሙዚየሙ “ወይዘሮ ጥሩነሽ” የሚላቸው የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስ በ1869 ያልቃል። በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱት በ1868 ስለሆነ ቀሚሱ በዓመቱ ለንደን ተመዝግቧል ማለት ነው። እቴጌይቱ ግን ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ መንገድ ላይ ዐርፈው ጨለቆት ተቀበሩ።

ዘውዱስ? በዚያው ዘመቻ ተወስዶ ቁጥሩ በ2005 ያልቃል። የእንግሊዝ ግምጃ ቤት በ1872 ሙዚየሙ ዘንድ አስቀመጠው፤ በንብረትነት የተላለፈው ግን በ2005 ነው። ከ130 ዓመት በላይ በአደራ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ አደራ የሚሰጠው ባለቤቱ ነበር!

አጠገቡ ያለውን የወርቅ ጽዋም አትለፉት። የግዕዝ ጽሑፍ ተቀርጾበታል፤ ፊደል የቆጠረ ሰው የዳግማዊ ኢያሱንና የእናታቸውን የእቴጌ ምንትዋብን የክርስትና ስም፣ ወለተ ጊዮርጊስን፣ ራሱ ሊፈልግ ይችላል። ጽዋውን የሰጡት ለጎንደር ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ነው። ታዲያ መቅደላ ምን አደረሰው? የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ንብረት ወደ መቅደላ ያጋዙት ራሳቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ስለ ማስመለስ ስንከራከር ይህን ዘለን ማለፍ የለብንም፤ እኛ ከዘለልነው ሌላው ያነሳብናል። የእንግሊዝን ዘረፋ ግን አያቀለውም።

ለንደን ላልሆናችሁ የሙዚየሙ ድረ ገጽ ፎቶውንም ቁጥሩንም ያሳያል። “መቅደላ” ብቻ ብላችሁ አትፈልጉ፤ በድሮው አጻጻፍ “ማግዳላ” እና “አቢሲኒያ” ብላችሁም ሞክሩ።

ለቀጣዩ ስብሰባ እያንዳንዳችሁ በምትኖሩበት ከተማ ካለ ሙዚየም አንድ ዕቃ ምረጡና ሦስት መስመር ጻፉ፦ የት ተሠራ፣ ማን ከአገሩ አወጣው፣ ቁጥሩስ የትኛውን ዓመት ይዟል።